የሥራ አፈጻጸም ግብረ መልስ ምንድን ነው?

የሥራ አፈጻጸም ግብረ መልስ አንድ ሠራተኛ የሠራው ሥራ ከሚፈለገው ደረጃ አንጻር የት እንደደረሰ፣ ምኑ እንደተሳካና ምኑ እንደጎደለ ተመልሶ የሚደርሰው መረጃ ነው። ከምዘና የሚለየው፣ ምዘና ያለፈውን ለክቶ ነጥብ ሲሰጥ ግብረ መልስ ቀጣዩ ሥራ የሚታረምበትን ነገር ማቀበሉ ነው።

መረጃው የግድ ከኃላፊ አንደበት አይመጣም። መንዝ ውስጥ ከበግ ጠጉር ባና የሚሠራ ሸማኔ ድሩ ሲላላበት ጉድለቱን በእጁና በዓይኑ ወዲያው ስለሚያውቀው፣ ማንም ሳይነግረው አጥብቆ ይቀጥላል። ብዙው የቢሮና የመስክ ሥራ ግን እንዲህ ራሱን ስለማይናገር የሌላ ሰው ቃል ይፈልጋል።

ያ ቃል ሁልጊዜ ትጋትን ይጨምራል ማለት አይደለም። አቭራሃም ክሉገርና አንጄሎ ዴኒሲ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከቀደሙ ምርምሮች ግብረ መልስ አፈጻጸምን ምን ያህል እንደለወጠ የሚያሳዩ 607 ልኬቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ግብረ መልስ በአማካይ አፈጻጸምን ቢያሻሽልም ከሲሶ በላይ በሚሆነው ጊዜ ግን ዝቅ እንዳደረገው አገኙ። ማብራሪያቸው ትኩረትን የሚመለከት ነው፤ ቃሉ ሐሳብን ወደ ሥራው ሲመራ ጥረት ይጠነክራል፣ ወደ ሠራተኛው ማንነት ሲመራው ግን ሰውየው ሥራውን ትቶ ክብሩን ወደ መከላከል ይዞራል። በዚህ ረገድ ተግሣጽ ብቻ ሳይሆን «ጎበዝ ነህ» የሚለው ምስጋናም የግብረ መልሱን ኃይል እንደሚቀንስ ማሳየታቸው፣ በእኔ እምነት፣ ከግኝታቸው ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በአንጻሩ ሠራተኛው ከራሱ የቀድሞ ውጤት ምን ያህል እንደተራመደ የሚነግረው መረጃ ይበልጥ ይረዳል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በባሶና ወራና ደጋ የምትሠራ የግብርና ባለሙያን እንውሰድ፤ በሐምሌ አርሶ አደሮች ስንዴ በመስመር እንዲዘሩ ስትደግፍ ከርማ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ የግማሽ ዓመቱ ምዘና ሲሞላ «ክትትል ይቀራታል» ተብሎ ቢጻፍባት፣ አስተያየቱ እውነት እንኳ ቢሆን አዝመራው ተሰብስቦ አልቋልና የምታርምበት ማሳ የላትም። ይሉኝታ ሲታከልበት ደግሞ ለሁሉም ተቀራራቢ ነጥብ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ የታታሪዋም የቸልተኛዋም ልፋት እኩል ስለሚታይ የታታሪዋ ልብ ይቀዘቅዛል።

ተቆጣጣሪዋ በዚያው በሐምሌ ከማሳው ዳር ቆመው «ካለፈው ዓመት ይልቅ ዘንድሮ በመስመር የዘሩት ቤቶች በዝተዋል፤ ከወንዙ ማዶ ባሉት ማሳዎች ግን ማዳበሪያው ዘሩን እየነካው ስለሆነ እንዳያቃጥለው ነገ እዚያ ሄደሽ አሳያቸው» ቢሏት ግን፣ ባለሙያዋ ምን እንደተሻሻለና ምን እንደቀረ ታውቃለች፤ ማዶ ያልተዘራ መሬትም ገና ይጠብቃታል።