ፒኪል ምንድን ነው? ፕሮሰስን በስሙ ስለ ማስቆም

«ፒኪል የፈለጋችሁትን ፕሮግራም በስሙ የሚያጠፋ ትዕዛዝ ነው፤ እምቢ ካለ 9ን ጨምሩበት።» ይህን ምክር ሰሞኑን እንደገና አነበብሁት። የመጨረሻው ሐረግ ብዙዎችን ያሳስባል፤ ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ። እኔን ግን ይበልጥ የሚያናድደኝ የመጀመሪያው ነው፤ እውነት ስለሚመስል ማንም አያርመውም።

ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) በስም የሚያስቆመው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) የለም። ሲግናል (ለፕሮሰስ የሚላክ፣ ለምሳሌ «ቁም» የሚል መልእክት) የሚላክበት ጥሪ የሚቀበለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የፕሮሰሱን ቁጥርና የሲግናሉን ቁጥር። ስም የሚገባበት ቦታ የለውም። ፒኪል የሚያደርገው በማሽኑ ላይ ያሉትን ፕሮሰሶች አንድ በአንድ እየተመለከተ፣ ስማቸውን እናንተ ከሰጣችሁት ቃል ጋር እያስተያየ፣ ለገጠመለት ሁሉ ሲግናል መላክ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ከሶላሪስ 7 (እንደ ሊኑክስ የዩኒክስ ዓይነት ሥርዓተ ክወና) ጋር ሲወጣ ፒግሬፕ የሚባል መንትያ ነበረው፤ ዛሬም አለው። ሁለቱም የሚፈልጉት በአንድ መንገድ ነው። ፒግሬፕ ያገኘውን ይዘረዝራል፣ ፒኪል ባገኘው ላይ ሲግናል ይልካል። ስለዚህ ፒኪል በመሠረቱ የፍለጋ መሣሪያ ነው።

በትልቅ ጉባኤ መካከል ቆሞ «ኃይለ!» ብሎ የሚጣራ ሰው አስቡ። ኃይለማርያምም፣ ኃይለሚካኤልም፣ ኃይለሥላሴም ብድግ ይላሉ። ፒኪልም የሰጣችሁትን ቃል እንደ ሙሉ ስም አይቆጥረውም፤ በስሙ ውስጥ የትም ቦታ ቢያገኘው ይበቃዋል። ይባስ ብሎ የጉባኤው መዝጋቢ የሰጠው የስም ካርድ ጠባብ ነው። ሊኑክስ ለአንድ ፕሮሰስ ስም የሚይዘው 15 ፊደል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ይቆረጣል። 19 ፊደል ያለውን የፕሮግራማችሁን ስም ተጠንቅቃችሁ ሙሉውን ብትጽፉ ፒኪል አንድም አያገኝም። ከዚያ «ፕሮግራሙ ቆሟል» ብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ እርሱ ግን ሥራውን ቀጥሏል። ከተሰብሳቢው ብዙው ደግሞ በራሱ ስም አልተመዘገበም። በፓይተን የተጻፈ ስክሪፕት በፓይተን በኩል ሲነሣ ስሙ «ፓይተን3» ነው፤ የጎረቤቱም እንደዚሁ፤ የጃቫዎቹም ሁሉ «ጃቫ» ናቸው። (ስክሪፕቱ በመጀመሪያ መስመሩ አስተርጓሚውን በቀጥታ ጠርቶ በራሱ ከተነሣ ግን የፋይሉን ስም ይይዛል። ስሙን በሥራ ላይ ሳለ የሚቀይር ፕሮግራምም አለ።)

ከሁሉ የማይረሳው ምሳሌ የኤስኤስኤች (ከሩቅ ማሽን ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ነው። ከሩቅ ሰርቨር ጋር ተገናኝታችሁ ሳለ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ማሽን ከፍታችሁት የደረቀ ግንኙነት አለና ልታስቆሙት «ፒኪል ኤስኤስኤች» ትላላችሁ። ቃሉ «ኤስኤስኤችዲ» በሚለው ስም ውስጥም አለ፤ እናንተን ወደዚህ ሰርቨር ያስገባችሁ ደግሞ እርሱ ነው። መስኮቱ ወዲያው ይዘጋል። ትዕዛዙን የሰጣችሁት በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) መብት ከሆነ አዲስ ግንኙነት የሚቀበለውም አብሮ ይሄዳል፣ ተመልሳችሁ የምትገቡበት መንገድም ሊጠፋ ይችላል። «ኤክስ» የተባለው አማራጭ ሙሉው ስም ካልገጠመ እንዳይነካ ያዘዋል፤ «ዩ» የተባለው ደግሞ ፍለጋውን በአንድ ተጠቃሚ ፕሮሰሶች ላይ ይወስነዋል። አስቀድሞ ያንኑ ቃል ከዚያው አማራጭ ጋር ለፒግሬፕ ሰጥቶ ዝርዝሩን ማየት ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል።

የስሙን ችግር የተረዱ ሰዎች ወደ «ኤፍ» አማራጭ ይሮጣሉ። እርሱ ሙሉውን የትዕዛዝ መስመር ስለሚመረምር የፓይተን ስክሪፕቶችን ይለያል፤ ነገር ግን መረቡ ይሰፋል። «ሪፖርት» የተባለውን ስክሪፕት ለማስቆም ስትሉ፣ ያንኑ ፋይል በቪም የጽሑፍ ማረሚያ ከፍታችሁ የምታርሙበት ፕሮሰስም በትዕዛዝ መስመሩ ላይ «ሪፖርት» የሚል አለበትና አብሮ ይቆማል። ፒኪል ራሱን ከዝርዝሩ ያወጣል፤ የጠራውን ሼል (ትዕዛዛችሁን ተቀብሎ የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም) ግን አያወጣም። ስለዚህ «አስቁም፣ ከዚያ እንደገና አስነሣ» የሚል ጥምር ትዕዛዝ በአንድ መስመር ለሼል ብትሰጡ፣ ቃሉ በሼሉ መስመር ላይም ስላለ ሼሉ ራሱ ተመትቶ «አስነሣ» የሚለው ሳይደርስ ይቀራል።

ኪልኦል የተባለው ሌላው በስም የሚያስቆም ትዕዛዝስ? በሊኑክስ ላይ ሙሉ ስም ስለሚፈልግ በዚህ በኩል ከፒኪል ይበልጥ ይጠነቀቃል። በሶላሪስ ላይ ግን ያው ስም ያለው ትዕዛዝ ማሽኑ ሲዘጋ በሥራ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያስቆም ነው። የማታውቁት ዩኒክስ ላይ ከገባችሁ አትሞክሩት።

አሁን ወደ 9። ምንም ካልተገለጸ የሚላከው ሲግናል 15 ነው። ፕሮግራሙ ይህን ተቀብሎ የጀመረውን ጽፎ መጨረስ፣ ጊዜያዊ ፋይሎቹን ማጥፋት፣ ግንኙነቶቹን መዝጋት ይችላል። 9 ወደ ፕሮግራሙ አይደርስም፤ ከርነሉ ራሱ ያስወግደዋል። «9 ሁልጊዜ ይሠራል» ለሚሉት መካሪ ግን ሁለት ነገር ልንገራቸው። ከዲስክ ወይም ከኔትወርክ የፋይል ሥርዓት መልስ እየጠበቀ በማይቋረጥ እንቅልፍ ውስጥ ያለ ፕሮሰስ ጥበቃው እስኪያበቃ 9ንም አይሰማም። ዞምቢ የሚባለው ደግሞ ቀድሞውኑ ያለቀ ነው፤ ወላጁ የመውጫ ውጤቱን እስኪቀበል መስመሩ ብቻ በዝርዝሩ ላይ ይቆያል። መቶ ጊዜ ብትልኩበት ለውጥ የለም፤ መመልከት ያለባችሁ ወላጁን ነው።

ዳታቤዝ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ሳይሰማ አይለፍ፦ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ አንዲት የዘገየች ጥያቄን የያዘውን አንድ ፕሮሰስ በ9 ብትመቱት፣ ዋናው ፕሮሰስ የጋራ ማኅደረ ትውስታው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል ብሎ የሌሎቹን ተጠቃሚዎች ግንኙነት ሁሉ ይቆርጥና ወደ ማገገም ይገባል። አንዲት ጥያቄ ለማቋረጥ ዳታቤዙ ራሱ የሚሰጠው ተግባር አለ።

በሲስተምዲ (በሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን በሚያስነሣና በሚቆጣጠር ሥርዓት) ሥር ያለ አገልግሎት ከሆነ ደግሞ ፒኪልን ተዉት። አገልግሎቱ ሁልጊዜ እንዲነሣ ታዝዞ ከሆነ ባስቆማችሁት ጊዜ ሁሉ በአዲስ የፕሮሰስ ቁጥር ይመለሳል፤ እናንተም «አልሞት አለ» ብላችሁ ወደ 9 ትሄዳላችሁ። ሲስተምሲቲኤል በተባለው የሲስተምዲ ትዕዛዝ በኩል ሲቆም ግን 15 ይላክለታል፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ 90 ሰከንድ ይጠበቃል፣ 9 የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከሌሎቹ ለይቶ በሚያሠራ ክልል) ውስጥ የፕሮሰስ ቁጥር 1 ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም ለ15 የራሱን ምላሽ ካላዘጋጀ ከርነሉ ሲግናሉን ችላ ይልለታል። ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድረው ዶከር አንዱን ሲያቆም አብዛኛውን ጊዜ 10 ሰከንድ የሚዘገየውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ መፍትሔ በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ ነው።