ላይቭ አልበም ምንድን ነው? ስንት እጁስ ላይቭ ነው?

ሽፋኑ ላይ «ላይቭ» የሚል አልበም ስትሰሙ የዚያ ምሽት ድምፅ ማንም ሳይነካው የደረሳችሁ ይመስላችኋል። ጭብጨባው አለ፣ ፉጨቱ አለ፣ ዘፋኙም የከተማውን ስም ጠርቶ ሰላም ይላል። ውስጡ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከወጡት ዝነኛ የሮክ ላይቭ አልበሞች ብዙዎቹ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ስቱዲዮ ገብተው ተጠጋግነዋል።

ላይቭ አልበም ማለት ባንዱ ታዳሚ ፊት ሲጫወት ተቀርጾ የሚታተም ሥራ ነው። እስከዚህ ድረስ የሚያከራክር የለም። ጭቅጭቁ የሚነሳው ከቀረጻው በኋላ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። መድረክ ላይ ያለው የእያንዳንዱ ማይክ ድምፅ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ አዳራሹ ድምፅ ማጉያ፣ ሌላው ብዙውን ጊዜ ውጭ በቆመ መኪና ውስጥ ወዳለ መቅረጫ ይሄዳል። ቴፑ ባለ8 ወይም ባለ16 ትራክ ነው። ትራክ የሚባለው ቴፑ ላይ ጎን ለጎን ያለ መስመር ሲሆን፣ ዘፋኙ በአንዱ፣ ቤዝ ጊታሩ በሌላው፣ ታዳሚው ደግሞ ለብቻው ይቀረጻል። ጉዱን ያመጣው ይኼ መለያየት ነው። ዘፋኙ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከሳተ የእሱን ትራክ ብቻ አጥፍቶ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ማስዘፈን ይቻላል። ባለሙያዎቹ ኦቨርደብ ይሉታል።

እንደ ልብ ግን አይሆንም። ጊታር መድረክ ላይ ሲጮህ የዘፋኙ ማይክም ይለቅመዋል፣ የድራሙም። ጊታሩን ከራሱ ትራክ ብታጠፉት ድራሙ ትራክ ላይ ከጀርባ ይሰማል። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ልክ ካልገጠመ ሁለት ጊታር የተደራረበ ይመስላል። ድራምን መተካት ደግሞ የባሰ ጣጣ ነው፤ ሌላው ሁሉ የተጫወተው እሱን ተከትሎ ነዋ። ስለዚህ አንድ ላይቭ አልበም ቢጠጋገን ባይጠጋገን፣ የዚያ ምሽት ድራም ብዙውን ጊዜ በቦታው አለ።

ይህን የጓዳ ሥራ ያወቅነው በአብዛኛው ከዓመታት በኋላ፣ ሰዎቹ አርጅተው ግለ ታሪካቸውን መጻፍና መናዘዝ ሲጀምሩ ነው። ኪስ የተባለውን ባንድ ውሰዱ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አልበሞቹ እምብዛም አልተሸጡም። ያተሙለት ድርጅትም በገንዘብ እጦት ሊንኮታኮት ነበር። ሁለቱንም ያዳናቸው በ1975 የወጣው «አላይቭ!» ነው። ፕሮዲውሰሩ፣ ማለትም የቀረጻው ኃላፊ፣ ኤዲ ክሬመር ነበር። ባንዱ ጊታርም ድምፅም ስቱዲዮ ውስጥ ማረሙን ዘፋኙ ፖል ስታንሊ በ2014 ባሳተመው ግለ ታሪኩ አልካደም። መከራከሪያው ቀላል ነው፦ ስህተትን ዕድሜ ልኩን ደጋግሞ መስማት የሚፈልግ ማን ነው? እውነቱን ለመናገር አሳማኝ ነው። መድረክ ላይ በዚያ ባለረጅም ተረከዝ ጫማ የሚዘል ሰው ጊታሩን አንዳንዴ ቢስት አይፈረድበትም። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ሁሉ ዓመት ዝም መባሉ ነው።

ቲን ሊዚ የተባለው ባንድ ላይ ስንደርስ ክርክሩ ወደ ቀልድ ይጠጋል። «ላይቭ ኤንድ ዴንጀረስ» በ1978 ወጣ። ፕሮዲውሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲ አልበሙ 75 በመቶው ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው፣ ከመድረኩ የቀረው ድራሙና የታዳሚው ድምፅ ነው አለ። የባንዱ ማናጀር ክሪስ ኦዶኔል በበኩሉ 75 በመቶው ላይቭ ነው ባይ ነው። ቁጥሩ ላይ ተስማምተዋል፤ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ነው ያልተስማሙት!

ስቱዲዮ ከመሮጥ ሌላም መንገድ አለ፤ ደጋግሞ ተጫውቶ መምረጥ። ኦልማን ብራዘርስ የተባለው ባንድ በመጋቢት 1971 ኒው ዮርክ ፊልሞር ኢስት አዳራሽ ውስጥ የሠራው አልበም ለኔ የዚህ መንገድ ቁንጮ ነው። ባንዱ የመጀመሪያው ቀን የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ይዞ ወጣ። ፕሮዲውሰሩ ቶም ዳውድ ሲሰማቸው አበደ፤ ዜማቸው ስቷል፣ ድምፃቸው ደግሞ ሌሎቹ ማይኮች ውስጥ ስለሚገባ በኋላ ልቁረጥ ቢል አይወጣለትም። ይውረዱልኝ ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ በኋላ ባንዱ ከመድረክ እንደወረደ ወደ አትላንቲክ ስቱዲዮ ሄዶ ቴፑን ይሰማል፤ የተዋጣለትን ያስቀምጣል፣ ያልሆነውን በሚቀጥለው ዝግጅት እንደገና ይጫወተዋል። «ዊፒንግ ፖስት» የተባለው ዘፈን 23 ደቂቃ ያህል ፈጅቶ የሸክላውን አንድ ገጽ ብቻውን ይዟል። ጊታሪስቱ ዱዌን ኦልማን አልበሙ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጥቅምት 1971፣ በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ።

ዘ ሁ የተባለው ባንድ ደግሞ በሌላ ጫፍ ነው። ጊታሪስቱ ፒት ታውንዘንድ የ1969 የአሜሪካ ጉዞ ቴፖችን ቁጭ ብሎ መስማት ሰለቸውና አቃጥሏቸው አለ። በምትካቸው ባንዱ በየካቲት 1970 እንግሊዝ አገር ሊድስ ዩኒቨርሲቲ መመገቢያ አዳራሽ ሲጫወት ተቀረጸ። ቴፑ ላይ የሚንጫጫ ድምፅ ስለነበር ሸክላው ላይ ምን ተጻፈ? ጩኸቱ ችግር የለውም፣ አታርሙት!

«ዘ ባንድ» የሚል ስም ያለው ቡድን ነገር ግን እስከ ጠብ ሄዷል። የስንብት ኮንሰርታቸው ኅዳር 1976 ሳን ፍራንሲስኮ፣ ዊንተርላንድ አዳራሽ ነበር። የፊልም ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ ፊልም አደረገው፤ በሦስት ሸክላ የታተመው አልበምም በ1978 ወጣ። ድራመሩ ሌቮን ሄልም በ1993 ግለ ታሪኩ አልበሙ በብዛት ስቱዲዮ ውስጥ እንደተሠራ ጽፎ፣ ፊልሙንም ጊታሪስቱን ሮቢ ሮበርትሰንንም ክፉኛ ወረፈ። ሮበርትሰን የራሱን መጽሐፍ ያሳተመው በ2016 ነው። ሄልም በ2012 ስላረፈ መልስ አልሰጠም። ያልታረመው የምሽቱ ቅጂ ግን በሰብሳቢዎች እጅ ስለሚዞር፣ ከአልበሙ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ መስማት የፈለገ ሰው ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም።