«የመርዛማ ዛፍ ፍሬ»፦ የአባባሉ ትርጉምና አመጣጥ

በአሜሪካ የወንጀል ችሎት ተከላካይ ጠበቃ ተነሥቶ «ይህ ማስረጃ የመርዛማ ዛፍ ፍሬ ነውና ውድቅ ይደረግልን» ብሎ ሲያመለክት መስማት የተለመደ ነው። ዛፉ ፖሊስ ከሕግ ውጭ ያካሄደው ብርበራ ወይም የፈጸመው እስራት ሲሆን፣ ፍሬው ከዚያ ድርጊት ተነሥቶ፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት እርምጃ ርቆ የተገኘው ማስረጃ ነው።

አባባሉን የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ «ከእባብ እንቁላል እርግብ አይፈለፈልም» የሚለው ተረታችን ትዝ ብሎት፣ ማስረጃው ሐሰት ነው ማለት ሊመስለው ይችላል። እንዲህ መረዳት ግን የአባባሉን ቁም ነገር ያስታል። ፍሬው ብዙ ጊዜ እውነተኛ ነው፤ የተያዘው ደብዳቤ በእርግጥ ተከሳሹ የጻፈው፣ የተገኘውም ሄሮይን በእርግጥ ሄሮይን ነው። መርዙ ያለው በተገኘበት መንገድ ላይ ነው። ሕጉ እውነቱን እያወቀ የሚተወው፣ መንግሥት ያለ አግባብ ብርበራን የሚከለክለውን አራተኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጥሶ ባገኘው ነገር የሚጠቀም ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው ያ ጥበቃ በወረቀት ላይ ብቻ ስለሚቀር ነው።

ሐሳቡ ከቃሉ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1919 ሲልቨርቶርን የተባለ የእንጨት ኩባንያ ኃላፊዎች፣ አባትና ልጅ፣ በማለዳ ከቤታቸው ተይዘው ሳለ፣ የመንግሥት ሹማምንት ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ቢሯቸው ገብተው ያገኙትን መዝገብና ወረቀት ሁሉ ጠራርገው ወሰዱ። ፍርድ ቤት ሰነዱ እንዲመለስ ቢያዝም አስቀድሞ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ስለነበር፣ ዐቃቤ ሕግ ከቅጂው ባገኘው እውቀት አዲስ ክስ አዘጋጅቶ ዋናውን እንዲያቀርቡ በመጥሪያ አስገደዳቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1920 ይህን አልተቀበለም፤ ዳኛ ሆምስ እንዲህ ያለ ማስረጃ በችሎት መቅረቡ ብቻ ሳይሆን ጨርሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተከለከለ መሆኑን ጻፉ። እውቀቱ ከሌላ ነጻ ምንጭ ከተገኘ ግን አይከለከልም።

«የመርዛማ ዛፍ ፍሬ» የሚለውን ቃል ያመጡት ዳኛ ፍራንክፈርተር ሲሆኑ፣ ይኸውም በ1939 በስልክ ጠለፋ ላይ በተነሣው የናርዶኔ ጉዳይ ነው።

አስተምህሮው ጎልቶ የሚታየው ግን በ1963 በተወሰነው የዎንግ ሰን ጉዳይ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የፌደራል አደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪዎች ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ የአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት የበር ደወል ደውለው፣ ባለቤቱ ወደ መኝታ ክፍሉ ሲሮጥ በሩን ሰብረው ገቡ። ሚስቱና ልጁ በተኙበት ክፍል የሰጠው ቃል ወደ ሁለተኛ ሰው መራቸው፤ ይህም ሰው ከመሳቢያ ሄሮይን አውጥቶ ሰጣቸውና ዎንግ ሰንን ጠቆመ። ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያው ሰው ላይ የራሱ ቃልም ሆነ ሄሮይኑ እንዳይቀርብ ወሰነ። የዎንግ ሰን አያያዝም ሕገ ወጥ ነበር፤ ነገር ግን ከተለቀቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ በገዛ ፈቃዱ ተመልሶ ቃሉን ስለሰጠ፣ በቃሉና በአያያዙ መካከል የነበረው ትስስር ሳስቶ መርዙ ጠፍቷል ተብሎ ቃሉ ተቀባይነት አገኘ።