ሉሉ ኮምፒውተር አልነበረም፦ ስለ ቢቢሲ የቴሌቪዥን አርማዎች በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

አንድ ፕሮግራም አልቆ ሌላው እስኪጀምር ያለችውን ክፍተት አስቧት። አጭር ሙዚቃ ይሰማል፣ የጣቢያው አርማ ይንቀሳቀሳል፣ የሆነ ድምጽ ቀጥሎ ያለውን ይነግራችኋል፣ አለቀ። አብዛኛው ሰው ያኔ ሻይ ሊያፈላ ይነሳል። የብሪታንያው ቢቢሲ ግን ለዚህች ጥቂት ሰከንድ ሲል ከ70 ዓመት በላይ ስንት ጉድ ሰርቷል። የሚወራው ግን ብዙው ከእውነታው የራቀ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«የጣቢያ አርማ ማለት ጥግ ላይ የሚለጠፈው ነው»

እኛ ጋ ቻናል ስንቀይር ዓይናችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ስክሪኑ ጥግ ነው። ሎጎው እዚያ ተቀምጧል፣ ፊልም ይሁን ዜና አይነሳም። ስለዚህ ቢቢሲ ዋንም እንደዚያ ይመስለናል። ብሪታንያ ውስጥ ግን ቢቢሲ ዋን እና ቢቢሲ ቱ ፕሮግራማቸው ላይ የጥግ ሎጎ አያደርጉም። አርማቸው የሚታየው በፕሮግራሞች መሃል ባለችው ክፍተት ነው። እንዲያ የሚጨነቁባትም ለዚህ ነው።

«ድሮ አርማው ዝም ብሎ የቆመ ስዕል ነበር»

በ1953 መጨረሻ ላይ የወጣው የቢቢሲ አርማ ይንቀሳቀስ ነበር። የሰራው አብራም ጌምስ ነው፤ የ1951ዱን የብሪታንያ ፌስቲቫል ምልክት የነደፈው ሰውዬ። መሃል ላይ ትንሽ ሉል፣ ዙሪያዋን የሚሽከረከሩ ዓይን መሳይ ቅርጾች፣ ግራና ቀኝ ደግሞ መብረቅ የሚመስሉ ክንፎች ነበሩት። ሰዉ «የሌሊት ወፍ ክንፍ» ብሎ ጠራው። ኮምፒውተር የለ፣ ስለዚህ በእጅ ተገጣጥሞ የሚሽከረከር ሞዴል ተሰራና ተቀረጸ። ሞዴሉ አመለኛ ነበር። ከተቀረጸ ብዙም ሳይቆይ ተበላሸ። ተመልካቹ ለዓመታት ያየው የቀረውን ፊልም ነው።

«የሚዞረው ሉል ተቀርጾ የተቀመጠ ፊልም ነበር»

ይሄኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም እውነታው ከግምቱ የበለጠ ይገርማል።

ከኖቬምበር 1969 ጀምሮ እስከ 1985 ድረስ የቢቢሲ ዋን አርማ ሆኖ ይዞር የነበረው የዓለም ሉል በእጅ የሚነካ፣ አቧራ የሚይዝ ዕቃ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በሞተር ይሽከረከራል። ከኋላው ስርጉድ መስታወት አለ። ካሜራው ከፊት ሲያየው የሉሉን የፊት ገጽ ያገኛል፤ መስታወቱ ደግሞ የጀርባውን ገጽ ለጥጦና አጣሞ በዙሪያው ያሳየዋል። ያ ሁሉ «እንዴት ሰሩት?» የሚያስብል ምስል አንድ ሉልና አንድ መስታወት ነው።

ቀለሙስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ካሜራው ጥቁርና ነጭ ነበር። ሰማያዊው ባህርና የአህጉራቱ ቀለም ምስሉ ከካሜራው ከወጣ በኋላ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚጨመር ነው። ስለዚህ ቢቢሲ ዓመታት አልፈው የአርማውን ቀለም መቀየር ሲያምረው ብሩሽ ያነሳ አልነበረም። አህጉራቱን አንዴ ቢጫ፣ በኋላ ደማቅ አረንጓዴ ሲያደርጋቸው ያው አሰራር ነው ያገለገለው።

ያ ካሜራ ሌላም ስራ ነበረው። ከርቀት በሚታዘዝ ማሽን እየዞረ አንዴ ሉሉን፣ አንዴ የሰዓት ሞዴሉን፣ አንዴ የጽሑፍ ካርዶችን ያነጣጥራል። ሁሉም በዚያው ሰዓት በቀጥታ ነው የሚታየው። ይህ ደግሞ ለስራው ይመች ነበር፤ ቀጣዩ ፕሮግራም ቢዘገይ ሉሉ መዞሩን ይቀጥላል። ፊልም ቢሆን ኖሮ ያልቃል።

ከሉሉ ስር «ቢቢሲ 1 ከለር» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ብዙዎች ለጌጥ ይመስላቸዋል። ያኔ ግን አብዛኛው ቤት ያለው ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነው፤ ባለቀለም ለማየት አዲስ ቴሌቪዥን ከመግዛት በተጨማሪ ቴሌቪዥን ለማየት በየዓመቱ የሚከፈለው የፈቃድ ክፍያ ላይ 5 ፓውንድ መጨመር ነበረበት። ቢቢሲ ማስታወቂያ አያስተላልፍም ይባላል፤ ይቺ ግን በየፕሮግራሙ መሃል ብቅ የምትል የገዛ ራሱ ማስታወቂያ ነበረች።

የኮምፒውተሩ ሉል የመጣው በፌብሩዋሪ 1985 ነው። አህጉራቱ ወርቃማ፣ ባህሩ ሰማያዊ ሆኖ ወዲያ ማዶ ያሳያል። እሱም ቢሆን በቪዲዮ ካሴት አልነበረም የሚተላለፈው። የቢቢሲ መሐንዲሶች ለእሱ ብቻ በሰሩት መሳሪያ ውስጥ፣ ቺፕ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«የቢቢሲ ቱ ባለ ‹2› አርማዎች የኮምፒውተር ስራ ናቸው»

በ1991 ቢቢሲ ቱ አንዲት «2» ቁጥር ይዞ መጣ። አንዴ ቀለም ይደፋባታል፣ አንዴ ሐር ጨርቅ ስር ሆና ነፋስ ሲመጣ ቅርጿ ብቅ ይላል። ከጊዜ በኋላ ደግሞ በሪሞት እንደሚነዳ የልጆች መኪና ስትፈተለክ ታየች። ዛሬ ያየ ሰው ወዲያው «አኒሜሽን ነው» ይላል። አይደለም። ቁጥሯ በአካል ተሰርታለች፣ ቀለሙም እውነተኛ ቀለም ነው፣ ፈሶ የተቀረጸ።

ከጀርባው ያለው ሰው ንድፍ ሰሪው ማርቲን ላምቢ-ኔርን ነው። በ1982 ለተከፈተው ቻናል ፎር ለተባለው ሌላ የብሪታንያ ጣቢያ በየአቅጣጫው በርረው «4» የሚሆኑትን ባለቀለም ጡቦች ያመጣው እሱና ባልደረባው ኮሊን ሮቢንሰን ናቸው። ያኛው ግን እውነትም ኮምፒውተር ነበር። የሚያስቀው፣ ያን ጊዜ ብሪታንያ ውስጥ ለዚያ የሚበቃ አቅም ስላልነበረ ስራው የተሰራው አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ ነው። ኮምፒውተሩን ቀድሞ የተጠቀመ ሰው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ወደ ጨርቅና ቀለም ተመለሰ። እኔ ይህን በጣም እወድለታለሁ።

«አርማ ቢቀየር ምን ይለወጣል?» ለሚሉም ይሄው ቢቢሲ ቱ መልስ ነው። ከለውጡ በፊት ተመልካቾች ሲጠየቁ ጣቢያውን ደባሪና ለምሁራን ብቻ የተሰራ አድርገው ያዩት ነበር። «2»ቷ ከመጣች በኋላ አመለካከታቸው ተለወጠ፤ ፕሮግራሞቹ ግን ያው ነበሩ። የሰው ነገር!

«ያ የሚበር ፊኛ እንኳን የውሸት ነው»

በ1997 የቢቢሲ ዋን ሉል ወደ ፊኛ ተቀየረ፤ ሰው ይዞ በሞቃት አየር የሚነሳው ግዙፉ ዓይነት። በከተማው፣ በተራራው፣ በባህር ዳርቻው ላይ ሲንሳፈፍ ያየ ሰው ምስሉ ላይ የተለጠፈ ቢመስለው አይፈረድበትም። ግን በእውነት ተሰርቶ፣ የዓለም ካርታ ተስሎበት፣ ብሪታንያን እየዞረ ነው የተቀረጸው።

በዚያው ዓመት የቢቢሲ ስም ሦስት ፊደሎች የተጻፉባቸው የሎጎው ሦስት ሳጥኖች ዘመም ማለታቸው ቀርቶ ቀጥ አሉ። ለዚህ ነው ገንዘብ የወጣው ብሎ ያሾፈ ብዙ ነው። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ዘመም ያለ መስመር ስክሪን ላይ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሰባበራል። ከስር የነበሩት ባለቀለም መስመሮች ደግሞ ህትመቱን ያስወድዱ ነበር። የ2021ዱ ለውጥም ላይ «ምኑ ተቀየረ?» ተብሎ ተስቋል። ፊደሎቹ አነሱ፣ ሳጥኖቹ ራቅ ራቅ አሉ፣ ፎንቱ ደግሞ ሪዝ የተባለው የቢቢሲ የራሱ ንብረት ሆነ። ስልካችሁ ላይ ቢቢሲ አማርኛን ስትከፍቱ የምታዩዋቸው ሳጥኖች እነዚያው ናቸው።

«ከ2006 በኋላ ያሉት ግን ሁሉም በካሜራ የተነሱ ናቸው»

ሉሉ ከ1963 ጀምሮ ኖሮ ኖሮ በ2002 ጠፋ። ቦታውን ቀይ ልብስ ለብሰው የሚጨፍሩ ሰዎች ያዙት። በ2006 ደግሞ ክብ የሚሰሩ ነገሮች መጡ፤ ቢቢሲ ራሱ ክቡን ከድሮው ሉል ጋር አያይዞታል። ከሁሉም የተወደዱት ውሃ ውስጥ ክብ ሰርተው የሚዋኙት ጉማሬዎች ናቸው። ተመልካቹም እንዴት አድርገው እንዳሰለጠኗቸው ሲያስብ ከረመ። ጉማሬዎቹ የኮምፒውተር ስራ ናቸው።