የመሃል አዲስ አበባ እድሮች

በአራዳ፣ በቂርቆስና በልደታ ሰፈሮች ጎረቤትን ከጎረቤት አጥብቆ የሚያስተሳስረው ማኅበር እድር ነው። አባላት በየወሩ መዋጮ ይከፍላሉ። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያቀርባል፣ ለቤተሰቡም ገንዘብ ይሰጣል። ባለሱቁም ጉልት ቸርቻሪዋም የሚያዋጡት እኩል ነው፤ ሐዘን ሲደርስባቸውም የሚደረግላቸው እኩል ነው። ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ ባለሀብትም ቢሆን። ከመንደር ለሚጀምር የፍትሕ ሥራ ከዚህ የተሻለ መሠረት አላውቅም።

በተለይ በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ከተማዋን ሲያዳርስ ይህ በደንብ ታየ። ቀብር በላይ በላዩ መጣ፣ የእድሮች ካዝና ተራቆተ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሕሙማንን ሰው ይሸሻቸው ነበር። በርካታ እድሮች ያኔ ደንባቸውን አሻሻሉ። ለሞተ ብቻ ሳይሆን በሕይወት ላለም እንድረስ አሉ። የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ቤት ለቤት እየሄዱ አስታመሙ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደገፉ። ከእርዳታ ድርጅቶች ገንዘብ ያገኙም ነበሩ። ግን በየትኛው ጓሮ ማን እንደወደቀ የሚያውቁት እነሱ ራሳቸው ነበሩ።

ሕጉም አንድ ነገር ያስተምራል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ከለከለ። ብዙዎቹ ሥራቸውን ቀነሱ ወይም ጭራሽ ቀየሩ። እድርና እቁብ አዋጁ አይመለከታቸውም ነበር፤ መዋጯቸውም ከሰፈሩ ስለሚወጣ ቀጠሉ። ገደቡን ያነሳው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው።

እድር ጉድለትም አለበት፣ መደበቅ የለበትም። አዲስ አባል የሚጠየቀው የመግቢያ ክፍያ ለተከራይና ለቀን ሠራተኛ ይከብዳል። የቤት ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜ ከነጭራሹ አይታሰቡም። በብዙ እድሮች ዳኛውም ጸሐፊውም ወንድ ነው፤ ሴቶች የራሳቸውን እድር ያቋቋሙትም በከንቱ አይደለም።

አሁን ትልቁ ፈተና መበተን ነው። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ፣ ብዙ ነዋሪ እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ ዳር ሰፈሮች ሄደ። እድር የቆመው በቅርበት ነው። ሌሊት ታሞ የሚጠራውን ሰው፣ የልጁን ጠባቂ፣ የችግሩን ተካፋይ በአንድ ጊዜ ያጣ ቤተሰብ ቤት ስላገኘ ብቻ ተካሰ ማለት አይቻልም።

መርዳት የሚፈልግ ሰው አዲስ ፕሮጀክት ይዞ ከመምጣቱ በፊት ወርሃዊ ስብሰባቸው ላይ ተቀምጦ ቢያዳምጥ ይሻላል። ምን እንደሚቀድም እነሱ ይወስኑ። የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው፦ የድንኳን ማስቀመጫ፣ መግቢያ መክፈል ላቃታቸው መደጎሚያ፣ ስለ ቤትና ስለ ውርስ በነፃ የሚያማክር ጠበቃ።