ስለ መበለቷ ሸረሪት የሰለቸኝ ወሬ

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ነው፤ በቴሌግራም ፎቶ ልኳል። የጋራዥ ጥግ፣ ግማሽ ጫማ፣ አንድ የደበዘዘ ጥቁር ነጥብ። ከስሩ «ይቺ ናት?» ይላል። ሰላምታም የለው።

የምኖረው ዳላስ ነው። መበለት ሸረሪቶችን ማርባት ከጀመርኩ 9 ዓመት አለፈኝ። ፈረንጆቹ «ጥቁሯ መበለት» የሚሏት፣ ሆደ ድብልብሏና አንጸባራቂዋ ማለት ነው። አሁን 11 አሉኝ። እያንዳንዷ ክዳኑ በሚጠብቅ የራሷ ዕቃ ውስጥ ናት፤ ሁሉም ቁልፍ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ። ዘመድ «ለይቶለታል» ይላል። ይበል። ሸረሪቶቹ አላስቸገሩኝም። በየሰርጉና በየለቅሶው ያንኑ ነገር ደጋግሞ ማስረዳት ግን መረረኝ።

«ጥቁር ከሆነች እሷ ናት»

አይደለችም። ስቲያቶዳ የምትባል ዘመድ አለቻት። እሷም ጠቆር ያለች፣ ሆደ ክብ፣ የጓዳ ጥግ ወዳጅ ናት። ስንቱ እሷን በጫማ ጨፍልቆ «መበለት ገደልኩ» እያለ ይፎክራል! ምልክቱን ጀርባዋ ላይ አትፈልጉ፤ ሆዷ ስር ነው። መበለቷ ድሯ ላይ ተገልብጣ ስለምትንጠለጠል ሆዷ ወደ ላይ ይሆናል። ማታ ባትሪ አብርቶ ማየት ነው። ሁለት ቀይ ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው ካያችሁ፣ አዎ፣ እሷ ናት። በደቡቧ ዝርያ ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። በሰሜኗ መሀላቸው ክፍት ነው። ቡናማዋ መበለት በምትባለው ሌላ ዝርያ ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ስቲያቶዳ ይህ ምልክት የላትም።

ሁለተኛው ወጥመድ ደግሞ ይኸው፦ «ቡናማ ከሆነች ቡናማዋ መበለት ናት።» ጥቁሯ መበለት ጥቁር ሆና አትወለድም። ልጅ ሳለች ፈዛዛ ናት፤ ነጭና ብርቱካናማ መስመር አላት። ቆዳዋን በቀየረች ቁጥር እየጠቆረች ትሄዳለች። ወንዱማ ሲያረጅም ትንሽና ዥንጉርጉር እንደሆነ ይቀራል። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሻጭ «ብርቅዬ ቡናማ» ብሎ 40 ዶላር ተቀበለኝ። ሦስት ጊዜ ቆዳዋን ቀየረች። በሦስተኛው ከሰል መሰለች። ጓሮዬ ውስጥ በነጻ የማገኛትን ነው ገንዘብ ከፍዬ ያመጣሁት።

ከተጠራጠራችሁ ሸረሪቷን ተዉና የእንቁላሏን ከረጢት እዩ። የጥቁሯ ልሙጥ ነው፤ ከወረቀት የተሠራ ይመስላል። የቡናማዋ ዙሪያውን እሾህ እሾህ ነው፤ ልብስ ላይ የሚጣበቀውን ጭጎጎት ይመስላል። ድሩም ይናገራል። ቅርጽ የለውም፤ ሕፃን ሲጫወትበት ቆይቶ የጣለው ክር በሉት። በእንጨት ጎተት ስታደርጉት ቀጭ ቀጭ እያለ ይበጠሳል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ እሷ ሳታብር፣ ብቻዋን፣ እንሽላሊት ታስራለች።

«ከነከሰች አለቀልህ»

ከ2000 እስከ 2008 ድረስ የአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከላት ከ23 ሺህ በላይ የመበለት ሸረሪት ጉዳዮችን መዝግበዋል። ከነዚያ ውስጥ የሞተ ሰው የለም። መጨረሻቸው ከታወቀው ውስጥ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው 1.4 በመቶ ናቸው። መርዟ በጠብታ ሲለካ ከብዙ እባብ መርዝ ይበረታል፤ ግን የምትሰጠው ኢምንት ነው። ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም። መርዙ ነርቭ ላይ ነው የሚሠራው፤ ጡንቻ ይጨመደዳል፣ ሆድ እንደ ጣውላ ይደርቃል፣ ላብ ይፈሳል፣ ደም ግፊት ይወጣል። ሕመሙ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ሕፃን፣ አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የልብ ሕመምተኛ ከሆነ ቀጥታ ሆስፒታል። አሜሪካ ያላችሁ ወደ መርዝ መረጃ ማዕከሉ፣ 1-800-222-1222 ደውሉ። ማርከሻውም ከ1936 ጀምሮ አለ፤ ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ስለሆነ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላልና ሐኪሙ አስቦበት ነው የሚሰጠው።

«የነከሰችበት ሥጋ ይበሰብሳል።» እሱ የሌላ ሸረሪት ጣጣ ነው፣ ሎክሶሴለስ የምትባለው። መበለቷ አታበሰብስም።

«ባሏን ትበላለች።» ቀይ ጀርባ የምትባለው የአውስትራሊያዋ መበለት አዎ፤ ወንዱ ራሱ ዘሎ አፏ ላይ ይወድቅላታል። የእኛ ሰፈሯ ግን ከጠገበች አብዛኛውን ጊዜ ትተወዋለች።

«ሰው አይታ ታጠቃለች።» በ2014 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በጄላቲን ጣት ሠርተው የምዕራቧን ጥቁር መበለት ነካኩ፣ ከዚያ ቆነጠጡ። ሲነኳት ትሸሻለች፣ ድር ትወረውራለች፣ የሞተች ትመስላለች። ወደ መንከስ የምትሄደው በዋናነት ሰውነቷን ቆንጥጠው ሲይዟት ነው። ቤት ውስጥም ሰው የሚነከሰው ጓንትና ጫማ ውስጥ ሲጨፈልቃት ነው። ጋራዥ ያደረ ጫማ አራግፋችሁ አድርጉ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

«ሸረሪት ሸንታብህ ነው»

ይሄ የእናቴ ነው። ልጅ ሳለን ውሃ የቋጠረ ነገር ፊታችን ላይ ከወጣ ፍርዱ አንድ ነበር። ዛሬም ስትደውል «እነዚያ ነገሮችህ እንዳይሸኑብህ» ትለኛለች። እማዬ፣ ሸረሪት የምትጥለው ነጭ ጠብታ ነው። ከዕቃው ግድግዳ ላይ በሶፍት ስጠርገው 9 ዓመቴ፤ እጄን አላቃጠለኝም። በአንድ ጎን ተሰልፎ የሚወጣው አልማዝ ባለጭራ፣ ልጅ ሆነን ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ ተደብቆ ቆይቶ ሲነሳ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋተኛዋ ቆዳ ላይ የተጨፈለቀች ትንሽ ጥንዚዛ ናት። ሸረሪቷ በሌለችበት ተፈረደባት።

«በፖስታ ላክልኝ»

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። በወር ሁለት ሦስቴ ይመጣብኛል። «ወንድሜ፣ አንዷን በፖስታ አድርግና ላክልኝ። ላዩ ላይ አሻንጉሊት ብለህ ጻፍ።»

አልጽፍም። የአሜሪካ ፌደራል ሕግ መርዛማ እንስሳትና ነፍሳትን በፖስታ ቤት መላክ ይከለክላል። ጊንጥ እንኳ የሚያልፈው ለሕክምና ምርምርና ማርከሻ ለመሥራት ብቻ ነው። የግል አመላላሾች የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ብዙ ጊዜ መልሳቸው እምቢ ነው። «ይቻላል» ካሏችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። የተቀባዩን ግዛት ሕግም እዩ። በግዛት ሕግ የተከለከለን እንስሳ ድንበር ማሻገር ሌሲ አክት የሚባለውን የ1900 ሕግ ያስነሳል። ከአዲስ አበባ በሻንጣ ይዤ ልምጣ ያለኝም አለ። ወደ አሜሪካ የሚገባ ሕያው ሸረሪት ለዱር እንስሳት ባለሥልጣን ይታወጃል፤ ካልሲ ውስጥ አይደበቅም።

እኔ የምመክረው እጅ በእጅ ነው። በእንስሳት ኤክስፖ ተገናኙ፣ ወይም መኪና ንዱ። የፈቀደ አመላላሽ ካገኛችሁ ደግሞ እንዲህ ነው። ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚዘጋ ጠንካራ የፕላስቲክ ብልቃጥ። ውስጡ ላላ ተደርጎ የተጨማደደ ሶፍት፣ እንዳትንገላታ። የሶፍቱ አንድ ጥግ ብቻ እርጥብ ይሁን፤ ውሃ ከበዛ ትሞታለች። ክዳኑን በፕላስተር እሰሩ። ብልቃጡን ሌላ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ክተቱና ሁለቱም ላይ «ሕያው መርዛማ ሸረሪት» ብላችሁ ከነዝርያዋ ስም ጻፉ። ከዚያ ፎም ያለው ካርቶን። ሰኞ ላኩ፤ ዓርብ የተላከ ቅዳሜና እሑድን መጋዘን ያድራል። የዳላስ ሐምሌ 40 ዲግሪ ሲነካ አትላኩ። ለመንገድ ስንቅ ብላችሁ ፌንጣ አትጨምሩላት፤ ሳምንት ጾማ ምንም አትሆንም። ተቀባዩ ነጭ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ፣ ረጅም ወረንጦ ይዞ ይክፈት።

«ታፍና ትሞታለች» ብላችሁም ክዳኑን ወንፊት አታድርጉት። ትንሽ አየር ይበቃታል፤ በመርፌ ሁለት ሦስት ቀዳዳ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሂዩስተን ያለ ወዳጄ የቡናማዋን መበለት ከረጢት በሰው እጅ ላከልኝ። «እንቁላል እኮ ነው፣ ሸረሪት አይደለም» ብሎኛል። መቼ እንደተጣለ አያውቅም። ያሸገው በቡና ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑን በሚስማር በስቶታል። እኔ ሥራ ነበርኩ። ባለቤቴ ተቀብላ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፣ ከበርበሬው ጎን።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የሚቆላ ቡና ስትፈልግ ቆርቆሮውን አነሳች። ክዳኑ ላይ ሰሊጥ የተበተነ መስሏት ልታራግፍ ስትል ሰሊጡ ተንቀሳቀሰ። ከመቶ በላይ ይሆናሉ። ኤሲው ሲነሳ እያንዳንዷ ክሯን ለቀቀችና ነፋሱ ላይ ወጣች። ስልኬ ጮኸ። «ያንተ ጉዶች ወጡ» አለችኝ፣ ድምጿን ሳትጨምር። ያ ነው ያስፈራኝ።

እስከ ማታ በእርጥብ ብሩሽ ስለቅም ዋልኩ። የቀሩትን ደግሞ ለሁለት ወር ከመጋረጃው ጀርባ አንድ አንድ እያልኩ አወጣሁ። ቡናው አሁን የሚቀመጠው በመስታወት ብርሌ ነው።