በሊንክ ላይ የሚንጠለጠሉ የማስታወቂያ መከታተያዎች

ከማኅበራዊ ሚዲያ ኮፒ ተደርጎ በቴሌግራም የሚላክ ሊንክ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት መስመር ይረዝማል። ርዝመቱ የሚመጣው ከጥያቄ ምልክቱ (?) ቀጥሎ ከሚደረደሩት ፓራሜትሮች ነው። እያንዳንዱ ስምና ዋጋ አለው፤ ስምና ዋጋውን = ያያይዛቸዋል፣ አንዱን ፓራሜትር ከሌላው & ይለየዋል።

ሁሉም ግን ለክትትል የተቀመጡ አይደሉም። በዩቲዩብ ረጅም ሊንክ ላይ «ቪ» የቪዲዮው መለያ፣ «ቲ» ደግሞ ቪዲዮው የሚጀምርበት ሰከንድ ነው። መከታተያው ቪዲዮው ሼር ሲደረግ የሚለጠፍበት «ኤስ አይ» ነው። ከጥያቄ ምልክቱ ወዲያ ያለውን በጅምላ የቆረጠ ሰው ቪዲዮውንም አብሮ ያጣዋል።

መከታተያዎቹም በአንድ ዓይን አይታዩም። በ«ዩቲኤም» የሚጀምሩት ስማቸውን የወረሱት ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 ከገዛው፣ ኧርቺን ከተባለው ድርጅት ነው። ጎብኚው ከየት፣ በምን መንገድና በየትኛው ዘመቻ እንደመጣ ለገጹ ባለቤት ይናገራሉ፤ ያው ሊንክ ለብዙ ሺህ ሰው ስለሚሄድ ብቻቸውን ግለሰብን አይለዩም። ከበድ የሚሉት የጉግል «ጂክሊድ» እና ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 ያመጣው «ኤፍቢክሊድ» ናቸው። ለእያንዳንዱ ጠቅታ የተለየ መለያ ይሰጣሉ። ገጹ ላይ ያለው የማስታወቂያ ኮድ መለያውን በገጹ በራሱ ኩኪ (በብሮውዘሩ ላይ በሚቀመጥ ትንሽ የመረጃ ፋይል) ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሰውየው ከቀናት በኋላ ዕቃ ቢገዛ ግዢው ከዚያች ጠቅታ ጋር ይገናኛል። ብሮውዘሩ የሌሎች ድርጅቶችን ኩኪ ቢያግድ እንኳ ይህ በር ክፍት ነው።

በእጅ ለማጽዳት መከታተያውን ከስሙ እስከሚቀጥለው & ድረስ ማጥፋት፣ ከዚያ ሊንኩን በአዲስ ታብ ከፍቶ ገጹ ያው መሆኑን ማየት ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ፓራሜትር ከነ? ሲያጠፋ ነው፦ የቀረው በ& ይጀምርና ገጹ ላይከፈት ይችላል። ? መቆየት አለበት። ብሬቭ የተባለው ብሮውዘር አንዳንድ የታወቁ መከታተያዎችን ሳይታዘዝ ያነሳል፤ ፋየርፎክስ ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ ጥብቅ ጥበቃው ሲበራ፣ ሳፋሪ ደግሞ ከአይኦኤስ 17 ወዲህ በግል መስኮት እንዲሁ ያደርጋሉ። በኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ የሚጫን ክሊር ዩአርኤልስ የተባለ ተጨማሪ ፕሮግራምም አለ።

የይለፍ ቃል መቀየሪያና የኢሜይል ማረጋገጫ ሊንኮች ግን ፈጽሞ አይነኩም፤ ረጅሙ ኮድ ቁልፉ ራሱ ነው። የቴሌግራም ቦት «ስታርት» ፓራሜትርም እንዲሁ ነው፤ ፋይል የሚያድል ቦት የትኛው ፋይል እንደተፈለገ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ በእሱ ነው።

አጭር ሊንክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቆረጥ ነገር አይገኝም፤ መለያው በአድራሻው ውስጥ ተቀብሯል። የቲክቶክን አጭር ሊንክ በብሮውዘር ከፍቶ፣ ሙሉው አድራሻ ሲወጣ ከቪዲዮው ቁጥር በኋላ ያለውን ማጥፋት ይቻላል። የከፋቹ ጠቅታ ግን ያኔውኑ ተመዝግቧል፤ ጽዳቱ የሚጠቅመው ሊንኩ ቀጥሎ ለሚደርሰው ሰው ነው።